ጉማሬው ይመከራል

ልጅ ሳለሁ አንድ ጉማሬ ከፍርድ ለማዳን ዳኞች ፊት ቆሜ ተከራክሬያለሁ። ይህን ስናገር ሰዎች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥለው «ታዲያ ረታሽ?» ይሉኛል። መልሱን በአንድ ቃል መናገር እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

አክስቴ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ኃላፊ ነበረች። ኃላፊ ስል የምታዛቸው ሰዎች ነበሯት ማለቴ አይደለም። መደርደሪያ የምትወለውለውም፣ መጽሐፍ የምታውሰውም፣ የልጅ ንፍጥ የምትጠርገውም እሷው ነበረች። እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የምሄደው እሷ ዘንድ ነው። እታለም ነበር የምላት። ክፍሉ የሙጫ፣ የአሮጌ ወረቀትና የእርጥብ ካልሲ ሽታ ነበረው። ካልሲው የእኛ ነው። ምንጣፉን በጫማ መርገጥ ክልክል ስለነበር ዝናብ በጣለ ቁጥር ክፍሉን የምናገማው እኛው ነበርን።

በሩ ላይ ጥበቃው ይቀመጣሉ። እኛ ልጆቹ ጋሼ ዝምታ ብለናቸዋል። «ዝምታ! ዝምታ በዚያ በኩል!» እያሉ ሲጮኹ ድምፃቸው ከሁላችንም ጫጫታ ይበልጥ ነበርና ነው። አንድ ጊዜማ በዚሁ ጩኸታቸው ደንግጦ ከወንበር የወደቀ ልጅ አለ።

በዚያ ክፍል ከነበሩት መጻሕፍት ሁሉ ነፍሴ የምትወደው አንዱን ነበር። ልብስ ሰፊ የሆነ ጉማሬ ታሪክ ነው። ጉማሬው ገና በመጀመሪያው ገጽ ሜትሩን ከረሜላ መስሎት ይውጠዋል። ከዚያ ወዲያ መለኪያ ስለሌለው የመጣውን ልብስ ሁሉ በራሱ ልክ ይቆርጠዋል። ደንበኛ ሲቆጣበት ደረቱን ይመታና «ልኩ እኔ ነኝ!» ይላል። ከንቲባው አዲሱ ኮቱ እጅጌ ውስጥ ጠፍቶ ሲፈለግ ይውላል። ሙሽራዋ ቬሏን ልትወስድ ስትመጣ ጉማሬው ጉንፋን ይዞት ኖሮ... ግን እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ።

የነበረን ቅጂ አንድ ብቻ ነበር። ከሱቅ ጠፍቶ ስለነበር ሌላ አይገኝም። ያም አንዱ ሽፋኑ በፕላስተር፣ ጀርባው በክር፣ ገጾቹ ደግሞ በጸሎት ተያይዘው የሚኖር ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በዚያ ሰሞን እኔ ራሴ ተመክሬ ነበር። የመምህራችንን ዳስተር ጠረጴዛው ላይ በሙጫ ለጥፌው፣ እሳቸው ሊያነሱት ሲታገሉ ጠረጴዛው አብሮ ተነሣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ይህቺ ልጅ ዳይሬክተሯ ጋ ሄዳ ትመከር!» ተባለ። ዳይሬክተሯ የሳል ከረሜላ በአንድ ጉንጫቸው ይዘው፣ ከረሜላው ከዚያ ጉንጭ ወደዚህ ጉንጭ እስኪዞር እያረፉ መከሩኝ። ምን እንዳሉኝ ብዙው ጠፍቶብኛል። የአዝሙድና የከረሜላ ሽታ ድብልቅ የሆነው ትንፋሻቸው ግን እስከ ዛሬ ምክር በሰማሁ ቁጥር ያውደኛል። «ምክር አልሰማ ያለን መከራ ይመክረዋል» ብለው ነው ያሰናበቱኝ።

እንግዲህ መመከር ማለት ለእኔ ይህ ነበር። ያጠፋ ይመከራል። በቃ።

በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ስደርስ እታለም ፊት ሁለት ጥቅል ተለጣፊ ወረቀት ተቀምጧል። አንዱ ወርቃማና ክብ፣ ሌላው ሰማያዊ ነው።

«ነይ እናቴ፣ አግዢኝ» አለችኝ። «ወርቃማው የተሸለሙት ላይ ነው። ሰማያዊው የሚመከሩት ላይ። እንዳታደባልቂብኝ፣ የሽልማት ኮሚቴው አንገቴን ነው የሚለው።»

ወርቃማው ላይ «ተሸላሚ» ይላል። የመጀመሪያውን የለጠፍኩት በጊዜ ስለሚተኛ ልጅ በሚያወራው መጽሐፍ ላይ ነው። ይህ ልጅ ጥርሱን ይፋቃል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ደህና እደሩ ይላል፣ ይተኛል። አለቀ። ጎበዝ ልጅ ስለሆነ ተሸለመ፤ አልደነቀኝም። ቀጥሎ እታለም ጉማሬዬን አነሣችና ግንባሩ ላይ ሰማያዊውን ለጠፈችበት። ገና ፊደል ለይቼ መጨረሴ ስለነበር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፦ «ለ-ል-ጆች ይ-መ-ከ-ራ-ል።»

ጣቴን ከወረቀቱ ላይ አነሣሁ።

«እታለም፣ ለምንድነው የሚመከረው?»

እሷ ፕላስተር በጥርሷ ይዛ፣ ቀና እንኳ ሳትል፦ «ይገባዋላ! ከሱ በላይ ማን ይመከራል?»

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው ጥፋቱ የማናችንም አልነበረም። «ይመከራል» የሚለው ቃል ለመጽሐፍ ሲሆን «ይነበብ፣ ጥሩ ነው» ማለት ነው፤ ለልጅ ሲሆን ግን ወዮለት። እኔ የማውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነበር። «ለልጆች» የሚለውንም «ለልጆች ሲባል» ብዬ ተረጎምኩት። ልጆችን እንዳያበላሽ ተብሎ ይመከራል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ጉማሬው ብዙ አጥፍቷል። ክሱ ሐሰት ነው ማለት አልችልም ነበር።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። እታለም አንሥታ፣ መቀበያውን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ወትፋ መለጠፏን ቀጠለች።

«አዎ፣ ጉማሬው... አዎ፣ ባለፈውም ተመክሯል... እኔንም የሚያናድደኝ እሱ ነው! ሁለቴ ተመክሮ ሁለቴም ሳይሸለም ቀረ። ዘንድሮ ግን አልለቀውም፣ ዳኞች ፊት አቀርበዋለሁ!»

ሁለቴ ተመክሮ አልሰማም ማለት ነው! እኔ አንዴ ተመክሬ እንኳ ዳስተር በሩቁ ነው የማልፈው። እሱ ሁለቴ! ቀጥሎ ደግሞ ዳኞች! በቴሌቪዥን ያየኋቸው ዳኞች ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ጠረጴዛ በመዶሻ እየመቱ ሰው ወደ እስር ቤት የሚልኩ ነበሩ።

ነገሩን ላጣራ ወደ ጋሼ ዝምታ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እውነት ዳኞች ይመጣሉ?»

«ቅዳሜ ጠዋት! ሦስት ሆነው!»

«ጉማሬውን ሊያዩት?»

«ሌሎቹንም ያያሉ፤ ዋናው ግን ያንቺ ጉማሬ ነው። ጥቆማው ከዚሁ ከቤታችን ነው የሄደው።»

«ማነው የጠቆመው?»

ጋሼ ዝምታ ግራ ቀኝ አዩና አንሾካሾኩ። የሳቸው ሹክሹክታ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ድረስ ይሰማል። «አክስትሽ ናታ! ሌላ ማን ይደፍራል?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። መጽሐፍን ለሽልማት ማቅረብም «ጥቆማ» ይባላል፤ እኔ ግን ጠቋሚ ሲባል የማውቀው በዳስተሩ ቀን እጁን አውጥቶ «እሷ ናት!» ያለውን የፊት ወንበር ልጅ ነበር። የገዛ አክስቴ! እጇ ላይ ያደግሁባት ሴት!

«ካልሆነለትስ ጋሼ?»

«ካልሆነለትማ አበቃ። ያለው አንድ ቅጂ ነው፣ እሱም እየተበታተነ። ይህን ክረምት የሚያልፍ አይመስለኝም።» ይህን ሲሉ ከልባቸው አዘኑ። ጉማሬውን ለካ እሳቸውም ይወዱት ኖሯል፤ ማንም በሌለበት እያነሡ ያነቡታል።

«ታዲያ ማን ይናገርለት?»

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነው የሚባለው ልጄ! የሚወደው ሰው ካለ ቀርቦ ይናገርለታ!» አሉና ወዲያው ዞረው «ዝምታ!» ብለው ጮኹ። ክፍሉ ውስጥ የሚናገር ሰው አልነበረም።

በዚያ ቀን ጉማሬውን ተውሼ ወደ ቤት ወሰድኩት። እታለም «በጥንቃቄ እናቴ፣ ታሞ እንደተኛ ሰው አርገሽ ያዢው» ብላ ሰጠችኝ። ጠቁማበት ስታበቃ ደግሞ ማዘኗ! ሳልሰናበታት ወጣሁ።

እቤት አልጋዬ ላይ ትራሱን አስደግፌ አስቀመጥኩት። ከእናቴ ቦርሳ ከረሜላ ፈልጌ በአንድ ጉንጬ ያዝኩ፤ ምክር ያለ ከረሜላ የሚሠራ አይመስለኝም ነበርና። ከዚያ ጀመርኩ።

«አንተ ልጅ» አልኩት። «እስቲ ቀና በል። እኔ ስናገር ጣራ ጣራ አትይ። ለመሆኑ ስትወጣ እናትህ ይህን አድርግ ብላ ነው የላከችህ?» ከረሜላው ዞረ። «ሜትር ይበላል? ሜትር የሚበላ ቢሆን ኖሮ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ጠግበው ባደሩ ነበር። ሁለት ጊዜ ተመክረህ አልሰማህም። እኩዮችህን ተመልከት። ያ በጊዜ የሚተኛው ልጅ ወርቅ ተለጥፎለታል። አንተስ? ሰው ሁን!» ካልኩ በኋላ የማወራው ከማን ጋር እንደሆነ ትዝ አለኝና አረምኩት። «ቢያቅትህ እንኳ ደህና ጉማሬ ሁን።»

አየኝ። አፉን እንደከፈተ፣ በዚያ በሁለት ጥርሱ። ጸጸት የገባው መሰለኝ።

ሳልተኛ ጸሎት አደረስኩ። «ጌታ ሆይ፣ ጉማሬን የፈጠርከው አንተ ነህ። ይህኛውን የሣለው ሰው ቢሆንም እንዲሣል የፈቀድከው አንተ ነህ። ቅዳሜ ከአፌ ቃል አታጥፋብኝ።» ይህን ጸሎት ያኔ ከልቤ ነበር የጸለይኩት። ዛሬም አላፍርበትም፤ ፈጣሪ ከዚህ የባሰም ሰምቶ ያውቃል።

እስከ ቅዳሜ እታለምን አኮረፍኳት። ፀጉሬን ልትሠራኝ ስትጠራኝ «ሌላ ሰው ነው የሚሠራኝ» ልል ፈልጌ ሰው ጠፋብኝ፤ ዝም ብዬ ግድግዳውን እያየሁ ተሠራሁ።

«ምነው? ምን አስቀየምኩሽ?»

«ምንም።»

«ግንባርሽን እስቲ...» ብላ በመዳፏ ዳሰሰችኝና ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ አፈላችልኝ። የጠቋሚ ሻይ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ግን ስኳሩ በዛ ያለ ስለነበር ጠጣሁት።

ቅዳሜ ደረሰ። እታለም እንደ ሙሽራ ለብሳ ውሃና ብርጭቆ ደረደረች፣ አነሣች፣ እንደገና ደረደረች። ምን ያህል እንደጓጓች የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ለዓመታት ልጆች ያንን መጽሐፍ ይዘው ምንጣፉ ላይ ሲንከባለሉ አይታለች፤ ዳኞቹ ግን በየዓመቱ ወርቁን የሚሰጡት በጊዜ ለሚተኛ፣ በጊዜ ለሚነሣ፣ ለታላቁ ለሚታዘዝ ልጅ ነው። የሚያስቅ መጽሐፍም መጽሐፍ ነው የሚል አንድ ሰው ነበር የምትፈልገው። ካገኘች ጉማሬው እንደገና ይታተማል። ካጣች ያ ቅጂ ሲያልቅ እሱም አብሮ ያልቃል።

ዳኞቹ መጻሕፍቱን ቀደም ብለው አንብበው ስለነበር ባዶ እጃቸውን ገብተው በሩ ተዘጋ። እኔ ጉማሬውን በደረቴ አቅፌ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። አንድ ቀጭን ድምፅ እንዲህ ይላል፦

«ትምህርቱ የታለ? እኔ የምጠይቀው እሱን ነው! ያጠፋል፣ ያጠፋል፣ ያጠፋል፣ መጨረሻው ላይ እንኳን አይቀጣም!»

ደሜ ፈላ። ጋሼ ዝምታን አየኋቸው። እሳቸው ደግሞ ጣሪያውን አዩ። እጃቸው ግን በሩን ከፈተልኝ።

ሦስቱ ዳኞች ለእኛ በተሠሩት ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሷል። ካባም መዶሻም የለም። መሃል ላይ ሰብሳቢዋ አሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። በቀኝ በኩል ጆሮው ላይ ቀይ እርሳስ የሰካ ቀጭን ሰው፣ በግራ ደግሞ እጁን ሆዱ ላይ አጣጥፎ ያንቀላፋ ወፍራም ሠዓሊ። እታለም ጥግ ላይ ቆማ ስታየኝ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ክቡር ፍርድ ቤት!» አልኩ።

ሠዓሊው ነቃ።

«ማናት ይህቺ?» አለ ቀጭኑ።

«የእህቴ ልጅ ናት፣ ይቅርታ፣ አሁን...» እታለም ልትይዘኝ መጣች።

«ተዪአት እስቲ» አሉ ሰብሳቢዋ። «ምን ልትነግሪን ነው የኔ ልጅ?»

«ጉማሬው አጥፍቷል» አልኩ። «አልክድም። ግን መክሬዋለሁ። ከእንግዲህ አይለምደውም።»

ቀጭኑ ዳኛ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። «ማንን ነው የመከርሽው?»

«ጉማሬውን። አልጋ ላይ አስቀምጬ።»

«ምን ብለሽ?»

ከረሜላ ስላልነበረኝ ምላሴን ጉንጬ ውስጥ ወትፌ ምክሩን ከ«አንተ ልጅ» ጀምሬ እስከ «ደህና ጉማሬ ሁን» አወረድኩት። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ብርድ መሰለኝ።

ቀጭኑ አልተበገረም። «ሙሽራዋንስ? ቬሏ ላይ ያደረገውንስ?»

«ጉንፋን ይዞት ነበር!» አልኩ። «መሐረብ ፈለገ፣ አጣ። ቬሉ እጁ ላይ ነበር፣ ነጭ ነው፣ መሐረብም ነጭ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔ?»

«በእጅጌዎ ይናፈጡ ነበር?»

«እኔማ...»

«እና ሙሽራዋ ምን አለች?» አለ ሠዓሊው ወደ ፊት ተጎትቶ።

«ቬሉ ከብዶ ከነፋስ ጋር አልበር ስላለ ደስ አላት። ከዚያ በፊት እየበረረ አስቸግሯት ነበር።»

ሠዓሊው ከሆዱ ሳቀ፤ ያቺ ትንሽ ወንበር ጮኸች። ከበሩ ውጭ «ዝምታ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጭኑ ግን ጣቱን አነሣ።

«አልተቀጣም! ነጥቤ ይሄ ነው። የከተማውን ልብስ ሁሉ አበላሽቶ አልተቀጣም!»

«ካሳውን ከፍሏል እኮ!» አልኩ። «ክረምት ሲመጣ ሰዉ ሁሉ በረደው። ልብሱ ሰፊ ስለሆነ አንድ ካፖርት ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ። ከንቲባውና ጠራጊው አንድ ላይ። ሙሽራዋና አማቷ አንድ ላይ፣ ተኳርፈው የነበሩት! በልካቸው ቢሰፋላቸው ኖሮ እያንዳንዱ ለብቻው ነበር የሚበርደው። እና እሱ ይቀጣ ነው የሚሉት?»

ከቀጭኑ ዳኛ አፍንጫ አንድ ድምፅ ወጣ፣ ያፈነው ሳል የሚመስል፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። አስም አለበት ብዬ አዘንኩለት።

«ውጪ ጠብቂን የኔ ልጅ» አሉ ሰብሳቢዋ።

ከጋሼ ዝምታ ጎን ተቀመጥኩ። አልተናገሩም፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። ውስጥ ተከራከሩ፣ ሳቁ፣ እንደገና ተከራከሩ። ሲጠሩኝ ጉማሬውን አጥብቄ አቅፌ ገባሁ።

«ወርቁ ለሌላ መጽሐፍ ሆኗል» አሉ ሰብሳቢዋ። «ሁለት ለአንድ ነው። ጉማሬው አይሸለምም።»

የሁለት ለአንዱ አንድ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቀጭኑ ነበር ብዬ ማመን ደስ ይለኛል።

«ነገር ግን» አሉ፣ «በሦስታችንም ድምፅ በሁሉም ትምህርት ቤት፣ ለሁሉም ልጆች ይመከራል።»

«በሁሉም ትምህርት ቤት?» ጮኽኩ። በዓይኔ የመጣው ጉማሬዬ ከዳይሬክተር ወደ ዳይሬክተር ሲጎተት፣ ሁሉም ከረሜላቸውን ይዘው ሲጠብቁት ነው። «እስከ መቼ?»

ቀጭኑ ዳኛ ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለልኝ። «ልጆች እስካሉ ድረስ።»

ዕድሜ ልክ!

ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ዞር ስል እታለምም ታለቅሳለች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰብሳቢዋን «ይታተማል ማለት ነው? ይታተማል?» እያለች። በሁሉም ትምህርት ቤት ይገባል ከተባለ እንደገና መታተሙ የግድ ነበር፤ የእሷ እንባ የደስታ ነው። እኔ ግን የጸጸት መሰለኝ። ስለጠቆመችው ተጸጸተች፣ ፍርዱ እንደዚህ የሚከብድ አልመሰላትም አልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ያዘችኝ። ሁለታችንም እንባችን አልደረቀም።

«አይዞሽ የኔ እናት» አለችኝ። «ባይሸለምም ምንም አይደል።»

«አንቺም አይዞሽ» አልኳት።

«እኔማ ደስ ብሎኝ ነው።»

መደበቋ ነው ብዬ እጇን አጥብቄ ያዝኩላት። ትልቅ ሰው ጥፋቱን ማመን እንደሚከብደው አውቅ ነበር። ጥቂት ሄድንና፣ ለመጽናናት ትፈልገዋለች ብዬ፣ «ይቅር ብዬሻለሁ እታለም» አልኳት።

«ለምኑ?»

«ስለጠቆምሽበት።»

«ስለጠቆምኩለት?»

«ስለጠቆምሽ*በት*። አሁን ዕድሜ ልኩን ሊመከር ነው። ግን ይቅር ብዬሻለሁ። እሱም ይቅር ይልሻል፣ ልቡ ሰፊ ነው።»

እታለም ቆመች። አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለውን ሁሉ፣ ሰማያዊውን ወረቀት፣ ኩርፊያውን፣ ምክሩን፣ አንድ በአንድ በልቧ ስታነብ ታየኝ። ከዚያ ያንን የሙሽራ ልብስ እንደለበሰች መንገዱ ዳር ጠርዙ ላይ ዘጭ አለችና መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። አላፊ አግዳሚው ቆመ፣ አንዲት ሴትዮ «ውሃ ስጧት!» አሉ። ልታስረዳኝ አፏን በከፈተች ቁጥር «ዕድሜ... ዕድሜ ልኩን...» ትልና እንደገና ትፈርሳለች።

እኔ አንድ ቀን ሙሉ ለፍርድ ቆሜ፣ ተረትቼ፣ ይቅር ብዬ ስመጣ እንዲህ ትሆናለች ብዬ አልጠበቅሁም። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ጠበቅኋት። አላቆመችም። ስለዚህ አጠገቧ ጎንበስ አልኩና፣ የሚሰማው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ቀና በይ» ብዬ ጀመርኩላት።